የእማማ ጃርት ኑዛዜ

እማማ ጃርት ከመንደሩ ዳር፣ ከሾላው ሥር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባል የለ፣ ልጅ የለ። እሾኻቸውን የፈራ ሁሉ ከሩቅ እጅ ይነሣል እንጂ ደጃቸውን አይረግጥም። የእድር መዋጮ ግን አንድም ወር አጓድለው አያውቁም፤ በቆቅ እጅ ይልካሉ።

ጃርት ሌሊቱን ሲዞር አድሮ ንጋት ላይ ነው የሚገባው። አህያ ደግሞ ለውሃ ወደ ወንዝ የምትወርደው በዚያው ሰዓት ነው። ሾላው ጋ ሲገናኙ አህያ ቆም ትላለች።

«እንዴት አደሩ፣ እማማ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ልጄ። የጀርባሽ ቁስል ጠገገልሽ?»

ከዚህ ያለፈ ወግ አልነበራቸውም።

አንድ ክረምት እማማ ጃርት ሞቱ። እድርተኛው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ከማዶ ተራራ የመጡ የወንድም ልጆች ደረት እየመቱ አለቀሱ። እድር ትልቅ ነገር ነው፤ ሬሳ ሜዳ ላይ አያስቀርም፣ ሐዘንተኛንም አይጥልም። በዚያ ድንኳን ውስጥ ግን ሟች በምን እንደታመሙ፣ ስንት ቀን እንደተኙ የሚናገር ጠፋ። ይህን ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል።

በአርባው ዳኛው ጉሬዛ መንደሩን ሰበሰበ። በእኛ አገር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል። የእንስሳቱም ሥርዓት ይኸው ነበርና ኤሊ፣ ድኩላ፣ ጥንቸልና ቆቅ ፈርመውበታል። ጉሬዛ አነበበ፦

«ለሚቀብሩኝ በየወሩ ከፍያለሁ፤ ዕዳ የለብኝም። እንዴት አደሩ ላለችኝ ግን የከፈልሁት የለም። ለእንግዳ ብዬ የሞላሁት ጎተራ እንግዳ ሳያየው ቀርቷልና፣ ከነቤቱ ለአህያ ይሁን።»

ዕድሜዋን ሙሉ የሌላውን እህል ስትጭን የኖረች አህያ፣ የራሷ ጎተራ ኖሯት አያውቅም።

«ዘመድ እያለ ባዳ ይወርሳል?» ብለው የወንድም ልጆች ተነሡ።

አህያም አንገቷን ደፋች። «እውነታቸውን ነው ጌታዬ። እኔ ቤታቸው እንኳ ገብቼ አላውቅም፤ ሰላም ከማለት በቀር ምን አደረግሁላቸው?»

«የወንድም ልጅ እንደ አብራክ ልጅ አይደለም» አለ ጉሬዛ። «ሟች ያላቸውን ሁሉ ለሌላ ከተናዘዙ የእናንተ ወራሽነት ይቀራል። ኑዛዜው ጸንቷል።»

ጉባኤው ሊበተን ሲል የእድሩ ጸሐፊ ዝንጀሮ መዝገቡን ገለጠ። መዋጯቸውን በሌላ እጅ የሚልኩ፣ መልካቸውን ካየ ዓመት ያለፈው ሰባት አባላት አገኘ። ስማቸውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ በማግስቱም ለየቤታቸው ጠያቂ ተመደበ።

አንባቢ ሆይ፣ በእርስዎም እድር መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ስም አይጠፋም። እባክዎ፣ ድንኳኑ ሳይተከል በሩን ያንኳኩ።