ማማ ለጅማ

ከጀበና ቡና ደንበኞቻችን አንዱ፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ አዲስ አበባ ደርሶ መጣና ሰላም ነሳን። የንግድ ባንክን ፎቅ አይቷል፤ በ2014 ዓ.ም የተመረቀውን፣ 209 ሜትሩን። «ጅማም ቱሪስት የሚወጣበት ማማ ያስፈልጋታል!» ይላል። አቦሉን ሳይጨርስ ሊፍት አስገጠመለት፤ ቶናው ሲቀዳ ጫፉ ላይ ካፌ ከፈተበት።

«ማማማ የአባቴ በቆሎ ማሳ ላይም አለ» አለች ባለጀበናዋ ከሰሉን እያራገበች፤ «ዝንጀሮ ይጠበቅበታል።»

እኔን ያሳሰበኝ ቱሪስቱ ነው። ባሕር አቋርጦ የመጣው የቡና አገር ሊያይ ነው። ማማ ላይ ወጥቶ ወደ አጋሮ ቢያማትር ምን ያያል? የዋንዛና የሰሳ አናት! የእኛ ቡና ጥላ ወዳድ ነው፤ የሚያፈራው ትልልቅ ዛፍ ሥር ተሸሽጎ ነው። እሱን የፈለገ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ቅርንጫፉን ወደ ራሱ ይስባል፣ ከቅጠሉ ሥር የተደረደረውን ቀይ እሸት ይለቅማል። ጣቱ በጣፋጩ ፈሳሽ ይጣበቃል። ጉንዳን ከነከሰውም ተጨማሪ ክፍያ አንጠይቅም።

ከፍታ ካማረንማ ጅሬን አለ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቁመታቸው ከ2 ሜትር በላይ እንደነበር ይነገራል። ራሳቸው ማማ የሚያህሉት ሰው እንኳ ቤተ መንግሥታቸውን ያሠሩት ኮረብታ ላይ ነው፤ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ከዚያ ሆኖ ጅማ ከነቆርቆሮዋ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ጭጋጉ ከፈቀደ ማለቴ ነው፤ በክረምቱ ጠዋትማ 209 ሜትርም ላይ ቢወጡ የሚታየው ያው ነጭ ነው።

ጡረተኛው መምህራችን ባለሦስት እግር በርጩማቸው ላይ ተደላደሉ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ናት፤ የጅማን ስም ያስጠራችው እሷ፣ ከመሬት አንድ ክንድ አትርቅም። «መብራት ሲጠፋ ሊፍት ውስጥ ለቀረው ፈረንጅ ምን ልትለው ነው?» አሉት። «ግልገል ጊቤ እዚሁ ጎረቤታችን ነው ትለዋለህ?»

ልጁ ዝም አለ። መብራቱን የሚያስብ መስሎን ነበር።

«ጋሼ፣ ማማው ፈረንጅ አራዳ ቢሠራ፣ ቱሪስቶቹ ከሆቴላቸው በእግራቸው ነው የሚመጡት?»

«በምን ሊመጡ ኖሯል?»

«ወላሂ የጅሬን ኮንትራቴን ሊበላብኝ ነው!» ሲኒውን አስቀመጠ። «እንግዲያው እዚያው ጅሬን ላይ ይሠራ!»