ነገረ ሻሞላ

ጥንታውያን ሊቃውንት ስለ ከዋክብት ምሕዋር፣ ስለ ባሕረ ሐሳብና ስለ አራዊት ጠባይ ብዙ ደክመው ብዙ ጽፈው ሲያልፉ፣ አንድ ጐበዝ በድንጋይ ደረጃ ላይ የኋሊት እየወጣ፣ ግራ እጁን በወገቡ ላይ አኑሮ በቀኝ እጁ ከሰባት ወታደር ጋር ሻሞላ ሲማዘዝ፣ ነፍሱም በአንዲት ፀጉር ተንጠልጥላ ሳለች፣ ስለ ምን እንደሚስቅ አንዳች ሐተታ ሳይተዉልን መሄዳቸው የትምህርትን ዓለም የሚያሳዝን ጉድለት ነው። እኛም ይህን ጉድለት ለመሙላት፣ በሲኒማ ቤት ወንበር ላይ ያሳለፍነውን ዕድሜ ሁሉ እንደ ምርምር ቈጥረን፣ የሆሊውድን የሻሞላ ፊልሞች በአቅማችን መርምረናል፤ ዓመታቱም ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

የዚህ ጥበብ ታሪክ በሁለት ይከፈላል፤ ብሉይና ሐዲስ። ብሉይ የሚባለው አንደበት ያልተሰጠው የድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ሲሆን፣ አባቱ ዳግላስ ፌርባንክስ ነው። እርሱም በ1920 ጥቁር ጭንብል አጥልቆ ዞሮን ሆኖ ከታየ በኋላ፣ በ1926 «ጥቁሩ የባሕር ወንበዴ» በተባለው ፊልም ጩቤውን በመርከብ ሸራ ላይ ሰክቶ፣ ሸራውን ለሁለት እየሰነጠቀ፣ ከላይ እስከ ታች ተንሸራቶ ወርዷል። የባሕርን ማዕበልና ነፋስ የሚችል ሸራ፣ የአንድን ሰው ክብደት በልክ እየተቀደደ በክብር ማውረዱ፣ ግዑዝ ፍጥረት ሳይቀር ለጻድቅ ወንበዴ እንደሚያደላ የመጀመሪያው ማስረጃ ሆኖ በእኛ ዘንድ ተመዝግቧል። ሐዲሱ ዘመን በ1935 በ«ካፒቴን ብለድ» ይከፈታል፤ በዚያም ከታዝማንያ የመጣውና እስከዚያ ቀን ብዙ ሰው የማያውቀው ኤሮል ፍሊን፣ የቈሰለ ዐመፀኛ በማከሙ ብቻ ወደ ጃማይካ ተግዞ በባርነት የተሸጠ ሐኪም ሆኖ ሲጫወት፣ የሕክምና ትምህርት መርከብ ለመማረክም እንደሚበቃ አስረድቶናል።

ከሥርዓቶቹ ሁሉ ዋናው ሥርዓተ ተራ ነው። የጠላት ወታደሮች ሃያም ይሁኑ ሠላሳ፣ ወደ ጐበዙ የሚቀርቡት ለጠበል እንደ ተሰለፈ ምእመን አንድ በአንድ ነው፤ ፊተኛው ሳይወድቅ ኋለኛው ቢገባ ነውር ይሆናል። በ1938 «የሮቢን ሁድ ጀብዱዎች» በተባለው ፊልም ፍሊን የታደነ የንጉሥ አጋዘን በትከሻው ተሸክሞ፣ ሳይጠራ ከልዑል ጆን ግብር ገብቶ፣ አጋዘኑን በማዕዱ ላይ ዘርግፎ፣ ተቀምጦ በልቶ፣ በጋባዡ ፊት ዐመፅን ዐውጆ፣ በፍላጻ ዝናብ መካከል ሳይነካ ሲወጣ፣ አዳራሹን የሞላው መኳንንትና ጭፍራ ሁሉ ይህን ሥርዓት በማክበሩ ነው እንጂ በድካሙ አይደለም። ሁለተኛው ሥርዓተ ቦታ ነው፤ ለጥ ያለ ሜዳ ለሞት አይመችምና ደረጃ፣ ሰገነት ወይም ገደል ይፈለጋል። በ1952 በ«ስካራሙሽ» ስቲዋርት ግሬንጀርና ሜል ፌረር በቴአትር ቤት ውስጥ ከፎቅ መቀመጫዎች ጠርዝ ጀምረው፣ በደረጃው ወርደው፣ እስከ መድረኩ ድረስ ከስድስት ደቂቃ በላይ የተዋጉት፣ ሕንፃው የሰጣቸውን ጠርዝና ደረጃ ሁሉ ሳያባክኑ ለመጨረስ ነው።

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ፣ ጐበዙ ስለ ምን ይስቃል? አንድም፣ ጥርሱ ያማረ ስለ ሆነ ነው። አንድም፣ ሪዙ እንደ ክር የቀጠነ ነውና፣ ካልሳቀ በቀር ከኋላ የተቀመጠ ተመልካች ሪዝ መኖሩን ስለማያውቅለት ነው። አንድም፣ ኤሪክ ቮልፍጋንግ ኮርንጎልድ ለሮቢን ሁድ ደርሶ ኦስካር የተሸለመበትን ዜማ ስለሚሰማ ነው፤ መለከት እንዲያ እየተነፋለት የሚሞት የለምና። አንድም፣ የፊልሙን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ገጽ ስላነበበ ነው። ይህ የኋለኛው ትርጓሜ ከሁሉ ይስማማል፤ ነገር ግን ተቃዋሚውም ያንኑ ጽሑፍ አንብቦታል፤ እርሱ ግን አይስቅም።

ያ የማይስቀው ሰው ባዚል ራትቦን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀግንነቱ ኒሻን የተሸለመ፣ ሻሞላን እንደ ዳዊት የሚደግም፣ በእጅ ጥበቡም ከፍሊን እጅግ የሚበልጥ ሰው ነበር። ይህ ሰው በ1935 በባሕር ዳር አሸዋ ላይ በሐኪም ተወግቶ ሞተ፤ በ1938 በሽፍታ ተወግቶ ከቤተ መንግሥት ደረጃ ወደቀ። በ1940 በአዲሱ የዞሮ ፊልም ሻማ በሰይፉ ቈርጦ ጫፉን ቢጥል፣ ታይሮን ፓወር የመታው ሻማ ደግሞ እየበራ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሳተው ሲባል ጫፉን አንሥቶ መቈረጡን አሳየው፤ ራትቦንም ወዲያው ሞተ። በ1936 በ«ሮሚዮና ጁልዬት» አንድ ጊዜ ቀንቶት ሰው ቢገድል፣ ድሉን ሳያጣጥም ሮሚዮ ደርሶ ገደለው። በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ዕድሜው ከስድሳ ካለፈ በኋላ ደግሞ፣ ዳኒ ኬይ ከሚባል ቀልደኛ ጋር ተጋጥሞ በድንጋይ መወርወሪያ መሣሪያ ወደ ባሕር ተወረወረ።

እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፤ ሻሞላ የሚያውቅና ሐቅ ያለው ሲጋጠሙ፣ የሚያውቀው ይሞታል። በየችሎቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሠለጠነ እጅና የተባ ምላስ ሐቅን ሲረታ የኖረ ዓይን፣ በ«ሮቢን ሁድ» 102 ደቂቃ ውስጥ የዚህን ተገላቢጦሽ ለማየት ቲኬት ቢቈርጥ፣ ፍጻሜውንም እያወቀ ደግሞ ደጋግሞ ቢመለስ፣ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ ምርምራችን ጐደሎ ይሆናል። ቤልጅጋዊው የሻሞላ መምህር ፍሬድ ካቨንስ እያንዳንዱን ምትና መመከት ለሁለቱም ወገን በቍጥር ሲያስጠና፣ አሸናፊው መምታትን ብቻ ቢያውቅ ይበቃው ነበር፤ ተሸናፊው ግን መምታትንም፣ መመከትንም፣ እርሱ የሚበልጠውን ሰው እጅ እየጠበቀ በሰዓቱ መዘግየትንም መማር ነበረበት። ስለዚህ በጭብጨባው መካከል፣ ጐበዙ ልጅቱን አቅፎ ሲስቅ፣ ሟቹ ተነሥቶ አሸዋውን ከልብሱ አራግፎ፣ ለሚቀጥለው ሽንፈት ልምምዱን ይጀምር ነበር።