እንጉዳይን በኮምፒውተር አቧድኖ ለእራት ማቅረብ

ዳታ በማቧደን ሥራ ለመሳሳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ አንድ ጥሩ ሰንጠረዥ ይበቃል። እኔ የምመክርዎት በ1987 እ.ኤ.አ. ለተመራማሪዎች የተበረከተውን የእንጉዳይ ዳታ ነው። 8124 ናሙና፣ 22 ባህሪ፣ ሁሉም በቃል የተገለጸ። 4208ቱ ይበላሉ፤ የቀሩት 3916 መርዛም ናቸው ወይም ባይበሉ ይሻላል። ይህን የሚናገረውን ዓምድ ይደብቁና የተመሳሰለውን ከተመሳሰለው ያቧድኑ።

ከሽታው ይጀምሩ። ቃል ለኮምፒውተር ስለማይመች ለሽታዎቹ በላቲን ፊደል ተራ ቁጥር ይስጧቸው። አልሞንድ አልሞንድ የሚለው 0 ይሆናል፣ የገማው 2፣ የሻገተው 4። ከዚያ ኬ-ሚንስ የተባለውን የማቧደኛ ዘዴ ይጥሩት። እሱ አማካይ ማውጣት ነፍሱ ነው፤ አልሞንዱንና ሻጋታውን ደምሮ ለሁለት ሲያካፍል ግማት ይወጣለታል። አይደንግጡ፣ ሒሳቡ ልክ ነው።

ነገረኛ ባልደረባ «ሽታ ደግሞ ምን አማካይ አለው?» ካለዎት ወደ ኬ-ሞድስ ይለፉ። ይኸኛው በአማካይ ፈንታ በብዛት የታየውን ይይዛል፤ ርቀትንም ባልተመሳሰሉ ባህሪያት ብዛት ይለካል። ደህና ዘዴ ነው፤ ግን ይበላሻል። በዚህ ሰንጠረዥ የገማ ሁሉ መርዛም ስለሆነ፣ ሽታ ከቆቡ ቅርጽ የበለጠ ድምፅ እንዳያገኝ ይጠንቀቁ። እኩልነት ይስፈን!

ሲሳዩ ግን ሌላ ቦታ ነው። የ2480ዎቹ ሥር ምን እንደሚመስል አልተመዘገበም፤ በቦታው የጥያቄ ምልክት ተቀምጧል። የጥያቄ ምልክቱን እንደ አንድ የሥር ዓይነት ይቁጠሩት። ምን እንደሆኑ ያልታወቁ ሥሮች በአንድ አፍታ ቁርጥ መንትያ ይሆናሉ።

የቡድኑ ብዛት? ሁለት፤ የሚበላና የማይበላ። ሮክ የተባለውን ዘዴ ያወጡት ሰዎች በዚሁ ዳታ 21 ቡድን አግኝተው፣ ከአንዱ በቀር በሁሉም ውስጥ የሚበላውና መርዛሙ አልተቀላቀሉም። መርዝም ብዙ ዘር አለው ማለት ነው። እርስዎ ግን ለሪፖርት ሁለት ቀለም ይበቃዎታል።

ኬ-ሞድስ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በዕጣ ነው፤ ውጤቱ ካልጣመዎት ደግመው ያስኪዱት፣ ሲጣምዎት ያቁሙ። ስንት ጊዜ እንደሞከሩ ለማንም አይንገሩ።

ከ«ሚበላው» ቡድን ሠርተው እራት ሲጋብዙኝ፣ ጾም ነኝ ብዬ እንዳላመልጥ እንጉዳይ የጾም ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ሆዴን እያመመኝ ነው።