ዕቃ ሊረከብ የወረደው ጎንደሬ

ኡምብሪያ የምትባል የኢጣሊያ መርከብ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ወደ ኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ የሚሄድ ዕቃ ጭና ቀይ ባሕርን ትወርድ ነበር። የጭነቱ ዝርዝር ለማንበብ ያስደስታል፣ ለመቀበል ግን አያስመኝም፦ 360,000 ገደማ ቦምብ፣ ፈንጂ ማስነሻ በሣጥን በሣጥን፣ ጎማ፣ የወይን ጠጅ በጠርሙስ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሦስት ፊያት 1100 አውቶሞቢል። ከዚህ ሁሉ አንዱም ከታሰበለት ቦታ አልደረሰም። ከሰማንያ ዓመት ግድም በኋላ አንድ ጎንደሬ ማንም ሳይልከው ዕቃውን ሊያይ ሄደ። እሱን ከጠየቁት ግን የሄደው ሊያይ ሳይሆን ሊረከብ ነው።

ነገሩ የሆነው ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በፊት፣ ሱዳን በጦርነት ሳትታመስ ነው። ያኔ ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ መተማን መሻገር ከትዕግሥት በቀር ብዙ ነገር አይጠይቅም ነበር።

ጎንደሬው የፒያሳ አካባቢ ልጅ ነው። ዋና የተማረው ቀሃ ወንዝ፣ የተመረቀው ደግሞ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ነው። ጥር 11 ቀን ካህናቱ ባሕሩን ባርከው ገና ሳይጨርሱ ከነልብሳቸው ከሚዘሉት ጎረምሶች መካከል እሱ አይታጣም። በዚያ ሁሉ ዓመት ከባሕሩ ሥር ያወጣው ቅርስ አንድ የእግር ጫማ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ካቻምና የጠፋበት የራሱ ጫማ ሳይሆን አይቀርም። ኋላ ዱባይ ሄዶ ሆቴል ሲቀጠር በትርፍ ሰዓቱ ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ ተማረ፤ የሌሊቱንም ጨምሮ ወረቀቱን ያዘ። ለእረፍት ጎንደር በገባበት ወቅት ነው ስለ ኡምብሪያ ያነበበውና ልቡ የተነሳው።

እናቱ ነገሩን ሲሰሙ ሰፌዳቸውን አስቀመጡ።

«ውኃ ውስጥ? በሌሊት? ቀኑ ምን ነካብህ ልጄ?»

«እማዬ፣ የሚያምረው ሌሊት ነው።»

«ሌሊትማ የሚያምረው እነሱ ስለሚወጡ ነው» አሉ። እነማን እንደሆኑ አልተናገሩም፤ ስለ ሌሊት ውኃ ሲወራ ጎንደር ውስጥ ይህን የሚጠይቅ የለም። ልመናውም ቁጣውም እንዳልሠራ ሲያዩ የመጨረሻ መሣሪያቸውን ከሣጥን አወጡ፤ ወፍራም ጋቢ። ፖርት ሱዳን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ እንዳለ ቢነግራቸው ከቁም ነገር አልጣፉትም። «ባሕር ባሕር ነው፣ ይበርዳል። ይህችን ሳትይዝ እግርህን አታነሳም» ብለው ፈረዱ።

ጋቢው በገዳሪፍና በከሰላ በኩል ላብ በላብ የሆነ ጉዞ ተጓዘ። በየኬላው ፈታሹ ሁሉ ይፈታዋል፣ ያራግፈዋል፣ መልሶ ያጥፈዋል። አንድ ቦታ ላይ ሽማግሌ ወታደር ነጩን ጨርቅ ገልጦ አየና የሰውየውን ፊት በሐዘኔታ ተመልክቶ «አላህ ይርሐሙ» ብሎ ሳይፈትሽ አሳለፈው። ከፈን መስሎት ነው። ጎንደሬው ከዚያ ወዲያ በየኬላው ፊቱን አስከፍቶ መቅረብ ጀመረ፤ ጉዞውም ፈጠነ።

ፖርት ሱዳን ላይ የሚሳፈሩባት ጀልባ ደንበኞቿ ኢጣሊያውያን ነበሩ። አስጠላቂውም ኢጣሊያዊ፣ ምግብ አብሳዩም ኢጣሊያዊ፣ ባሕረኞቹ ብቻ ሱዳናውያን። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ እራት ዓሣ ቀረበ። ምግብ አብሳዩ እንግዳው ሳህኑን ሲገፋ አይቶ ዓሣ ሥጋ አይደለም፣ በጾም ይበላል ብሎ በካቶሊክ ሥርዓት ተከራከረው። ጎንደሬው በበኩሉ ይህ ጉዳይ በእኛ ዘንድ ሊቃውንቱ ገና አልጨረሱትም፣ እኔ ጀልባ ላይ ልጨርሰው አልችልም ብሎ ከባሕረኞቹ ጋር ለፉል ተቀመጠ። በዚያች ማታ ከሱዳናውያኑ ያገኘው ፍቅር በፓስፖርት የሚገኝ አልነበረም።

ከእራት በኋላ አስጠላቂው የመርከቢቱን ታሪክ ተረከ፤ ይህ ሰው ደግሞ ሲተርክ እጁ አያርፍም። ኡምብሪያ ሐምቡርግ ውስጥ የተሠራች የጀርመን መርከብ ነበረች፣ ያኔ ስሟ ባያ ብላንካ። ኢጣሊያ እጅ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፤ ገና ከመግባቷም ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወታደር ታመላልስ ጀመር። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ጉዞዋ ግን እንግሊዞች ጠረጠሯት። ኢጣሊያ ገና ጦርነት ስላላወጀች ሊወርሷት አይችሉም፤ እንዲሁ ሊለቋትም አልፈለጉም። ከፖርት ሱዳን ወጣ ብሎ ዊንጌት ከሚባለው የኮራል ሪፍ አጠገብ አስቁመው ወታደር አወጡባትና ፍተሻ ያዙ።

ሰኔ 3 ቀን ካፒቴን ሎሬንዞ ሙዬዛን ክፍሉ ውስጥ ሬዲዮ ሲከፍት ሙሶሊኒ ጦርነት ማወጁን ሰማ። እንግሊዞቹ አልሰሙም። ካፒቴኑ ፊቱን ሳይለውጥ ወጣና ሠራተኞቼን መርከብ ጥሎ የመውጣት ልምምድ ላሠራቸው ብሎ ፈቃድ ጠየቃቸው። ልምምድ ጥሩ ነው ብለው ፈቀዱለት። ሠራተኞቹ በሥርዓት ወደ ጀልባዎቹ ወረዱ፤ እንግሊዞቹም ሥርዓቱን እያደነቁ ሳለ መርከቢቱ ወደ ጎን ማዘንበል ጀመረች። ካፒቴኑ ከሥር አስከፍቷት ኖሯል። እንደዚያ የተዋጣ ልምምድ ቀይ ባሕር ላይ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም የተደረገ አይመስልም።

ኢጣሊያውያኑ አጨበጨቡ። አስጠላቂው ወደ ጎንደሬው ዞሮ፣ ጨዋነት ይሁን ተንኮል ባልለየለት ድምፅ፣ ያ ዕቃ ቢደርስ ኖሮ የጦርነቱ መጨረሻ ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር አለው። ጎንደሬው ይህን ሲጠብቅ ነው የቆየው። የኢጣሊያ ጦር በምሥራቅ አፍሪካ ለመጨረሻ ጊዜ እጁን የሰጠው ጎንደር ላይ ነው፤ ጄኔራል ጉልዬልሞ ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ኡምብሪያ ከሰመጠች 17 ወር በኋላ። «እኔ ከዚያ ከተማ ነው የመጣሁት» አለ። «ላኪው እጁን ሰጥቷል፣ አጓጓዡ ሰምጧል፣ ተቀባዩ ይኸውና። የት ልፈርም?»

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ጨለማው ውኃ ውስጥ ገቡ።

መርከቢቱ በግራ ጎኗ ተኝታለች። ጥልቁ ጫፏ ከ35 ሜትር ያልፋል፤ ጀልባ ይሰቀልባቸው የነበሩት ብረቶቿ ደግሞ ከውኃው በላይ ብቅ ይላሉ። የኦስትሪያው ጠላቂ ሃንስ ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 መጥቶ ካያትና ከቀረጻት ወዲህ ስሟ በጠላቂዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ባለው ሻዓብ ሩሚ በሚባለው ሪፍ ደግሞ ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ከባሕር ሥር ቤት ሠርቶ ሰዎቹን አንድ ወር አኑሯል። ያን ቤት አከራይ ሳይጨምርባቸው ወር መድረሳቸው ብቻ ያስቀናል።

ጎንደሬው መጀመሪያ የታዘበው ቀለሙን ነው። ውኃ ቀዩን ብርሃን አስቀድሞ ስለሚውጠው ቀን ላይ ከባሕር ሥር ያለው ነገር ሁሉ ሰማያዊና አመድማ ነው የሚመስለው። ሌሊት ግን ብርሃኑ የሚመጣው ከእጅ ባትሪ፣ ከቅርብ ስለሆነ ቀዩ ቀይ ሆኖ ይታያል። በመርከቢቱ ጎን የበቀለው ኮራል፣ ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነውና፣ ቀን የሰበሰባቸውን ጥቃቅን ክንዶቹን ዘርግቶ እራቱን ይለቅማል። ባለ ምንቃሩ ዓሣ፣ ቀን ኮራል ሲግጥ የሚውለው፣ ከአፉ ባወጣው ልጋግ ስስ ከረጢት ሠርቶ መተማ እንደሚያድር መንገደኛ አጎበሩ ውስጥ ተኝቷል። አንበሳ ዓሣ የሚሉት መርዘኛ ደግሞ ባትሪ ያበራለትን ሰው ውለታ እየቆጠረ ብርሃኑ ያሳየውን ትንንሽ ዓሣ ይለቅማል።

ከዚያ ወደ ዕቃው ክፍል ዘለቁ። ፊያቶቹ እዚያ አሉ። ጎማቸው፣ የፊት መብራታቸው ቦታ፣ ዝገት ያበጠው አፍንጫቸው በባትሪ ብርሃን ሲመጣ ጎንደሬው ደስታው አላስቻለውም፤ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ለአስጠላቂው «ግሩም!» አለ። ጠላቂዎች ዘንድ ግን ያ ምልክት «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ነው። አስጠላቂው ክንዱን ጨብጦ ይዞት ወጣ። ጎንደሬው ራሱን ቢነቀንቅ በጨለማ ማን ያየዋል? ጥቂት ሜትር ከወጡ በኋላ ትምህርቱ ትዝ ሲለው ባትሪውን በክብ አዞረ፤ ሰላም ነኝ ማለቱ ነው። አስጠላቂው ለአፍታ ቆሞ አየውና መለሰው። የፊያት ርክክብ በዚህ ሁኔታ ሁለት ጊዜ ተከናወነ።

ቦምቦቹ ጋ ሲደርሱ እጅን መሰብሰብ ግድ ነው። ዛሬም ተደርድረው አሉ፤ ቢፈነዱ ለከተማው እንደሚተርፉ ተፈርቶ በወጉ ሳይነኩ ቀርተዋል። ጎንደሬው የዚህን ክፍል ዕቃ ላለመረከብ እዚያው ወሰነ። ጠርሙሶቹ ጋ ግን ቆየ። አልኮል እ.ኤ.አ. በ1983 በተከለከለባት አገር ደጃፍ ላይ፣ ፖሊስ በማይደርስበት ጥልቀት፣ ወይን በመደዳ ተኝቷል። የዳሸን ቢራ ከተማ ልጅ ልቡ ተነካ።

በመጨረሻ አስጠላቂው ባትሪያችሁን ደረታችሁ ላይ ሸፍኑ ብሎ ምልክት ሰጠ። ጨለማው ድቅድቅ አለ። ጎንደሬው እጁን ሲያንቀሳቅስ በጣቶቹ ዙሪያ ሰማያዊ ብልጭታ ተረጨ። ሲነኩ የሚያበሩ፣ በዓይን የማይለዩ የባሕር ሕዋሳት ናቸው፤ ይህን ዱባይ ተምሮታል። የተማረው አልጠቀመውም። «እነሱ ስለሚወጡ ነው» ያሉት የእናቱ ድምፅ ነበር የመጣለት። በስመ አብ ሲል ከአፉ የወጣው አረፋ ብቻ ሆነ። ትንፋሹም ስለበዛ ሌሎቹ ገና ግማሽ ሲሊንደር ሲቀራቸው የእሱ መርፌ ቀዩ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ጉብኝቱም በእሱ ምክንያት ቀደም ብሎ አለቀ።

ጀልባው ላይ ሲወጡ ነፋስ ተነስቷል። ውኃ የሰውን ሙቀት ከአየር ከሃያ ጊዜ በላይ ፈጥኖ ነው የሚወስደው፤ ሞቃት ባሕርም ቢሆን ለአንድ ሰዓት ያህል ከቆዩበት ያንዘፈዝፋል። ኢጣሊያውያኑ በስስ ፎጣ እየተንቀጠቀጡ ሳለ ጎንደሬው ከሻንጣው ጋቢውን መዘዘ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን መገመት አያስቸግርም። ጋቢው በተራ ዞረ፤ ለረጅሙ ጊዜ የለበሰው አስጠላቂው ነበር፣ እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ እጁ መተረኩን ረስቶ።

ባሕረኞቹ ሻይ ሲያቀርቡ ፊያቶቹን ምን ልታደርጋቸው ነው ብለው ጎንደሬውን ጠየቁት። እሱም አስቦበታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ይጥል ነበር። በርግጥ መኪኖቹ አንድም ቀን አልተነዱም፤ ዜሮ ኪሎ ሜትር ናቸው ብሎ መከራከር ይቻላል። ነገር ግን ይህን ለጉምሩክ ከማስረዳት፣ ዲክላራሲዮን ከማሟላት፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ወረፋ ከመጠበቅ ባሕር ውስጥ ሌላ ሰማንያ ዓመት መቆየት ይቀላቸዋል። እዚያው ይቀመጡ አለ። ርክክቡ በዚህ ተዘጋ።

የመልሱ መንገድ ግን አንድ ጣጣ ነበረው፤ ይህ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ጠላቂ ከጥልቅ ከወጣ በኋላ ደሙና ሥጋው ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጂን ቀስ ብሎ እስኪወጣ መጠበቅ አለበት፤ በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ሰው ከአውሮፕላን በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይመከራል። ጎንደሬው በመኪና ነው የምመለሰው ብሎ ሊያልፈው ሲል አስጠላቂው ከተማህ ስንት ሜትር ላይ ናት አለው። 2,133 ሜትር። የአውሮፕላን ውስጥ አየር የሚስተካከለው ቢበዛ 2,400 ሜትር ግድም ላይ እንዳለ ከፍታ ነው፤ እናም ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚጠጣ ጎንደሬ፣ በአየር ግፊት ረገድ፣ ቀኑን ሙሉ በረራ ላይ ነው። የደባርቅ ሰው ደግሞ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ስለሚኖር ከአውሮፕላኑም በላይ ነው። መተማ ቆላ ነው፤ ዋናው ችግር የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ዳገቱን ይዞ ወደ አይከል ሲወጣ ነው።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም ሆኖ ሲከፈት ከቀይ ባሕር ወጥቶ በየብስ ጎንደር የሚገባ ጠላቂ ካለ፣ ገዳሪፍ ላይ ይደር። ደባርቅ ዘመድ የሚጠይቅ ከሆነ ሌላም ቀን ይጨምርበት፤ ጋቢውን ግን ከመጀመሪያውም አይተው።