የኋላ ማርሽና የበር ደፍ

እ.ኤ.አ. በ1971 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የታየውና ከ1974 እስከ 1990 በጣሊያን ሲመረት የኖረው ላምቦርጊኒ ካውንታሽ፣ ወደፊት ለመብረር እንጂ ወደኋላ ለመመለስ እንዳልታሰበ ቅርጹ ራሱ ይመሰክራል። ባለ 12 ሲሊንደር ሞተሩ ከሾፌሩ ጀርባ ስለተቀመጠ የኋላ መስታወቱ ጠቦ ከጠባብ ስንጥቅ ብዙም አይሻልም። ለዚህም መፍትሔ ይሆን ዘንድ ፔሪስኮፕ፣ ማለትም ሰርጓጅ መርከብ ከውኃ በላይ ያለውን የሚቃኝበት ባለመስታወት መሣሪያ ታስቦ ነበር፤ ሐሳቡ እምብዛም ባይሰምርም፣ ለእሱ ሲባል በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ጣሪያ ላይ የወጣው ቦይ «ፔሪስኮፒዮ» የሚል ቅጽል ስም አትርፎላቸዋል።

ስለዚህ ባለንብረቱ መኪናውን ለማቆም ሲሻ፣ ወደላይ የሚከፈተውን በር እንደ መቀስ ያነሣና ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰፊው የበር ደፍ ላይ ይቀመጣል፤ አንድ እግሩን ከፍሪሲዮን ሳያላቅቅ፣ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ፣ ወገቡን ጠምዝዞ አንገቱን ወደ ውጭ እያሰገገ ወደኋላ ይነዳል። ተመልካቹ ይህን የክብር ሥርዓት ነው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም፤ ደግሞም ብዙዎቹ ባለቤቶች ግምቱን ለማረም ሲቸኩሉ አይታይም። ዝናብ ከጣለ ከሾፌሩ ጋር ውድ የቆዳ መቀመጫውም አብሮ ይርሳል። የጎኑ መስታወት ከፊሉ ብቻ ስለሚከፈት፣ የመንገድ ቀረጥ ለመክፈል የሚቆም ሾፌር ለጥቂት ሳንቲም ሲል በሩን በሙሉ ወደ ሰማይ ለማንሣት ይገደዳል፤ ከኋላው የተሰለፉት የተራ መኪና ነጂዎችም ክንፉ እስኪታጠፍ በትዕግሥት ይጠብቃሉ።