ሁለተኛ ቤት ሲፈርስ

ሁለተኛ ቤት በባለጸጋ ወግ የአየር መለወጫ ነው። ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት የአቡዳቢ ባሕር ዳርቻ ሰዎች የበጋውን ወበቅ የሚሸሹት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ወደ አል አይን የተምር ጥላ ነበር። ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች መንገዱን ገልብጠውታል፦ አንደኛው ቤት አል አይን ያለው የማዳም ቪላ፣ ሁለተኛው አቡዳቢ ውስጥ ለስድስት የተከራዩት ክፍል። እ.ኤ.አ. የ2022ቱ የአገሪቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ስለሚያዝ፣ ባለሁለት ቤቷ ሠራተኛ፣ ማዳም ሕጉን ባስታወሰች ቁጥር፣ ወደ ርስቷ ትሄዳለች።

ኮንትራት ሲያልቅ ሁለተኛው ቤት ይፈርሳል፤ ንብረቱም ይሸጣል። ንብረቱ የተደራራቢ አልጋ ታችኛው ፎቅ፣ ግድግዳም በርም የሆነ መጋረጃ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና ጀበና ነው። አልጋው ወዲያው ይሄዳል፤ የሚሸጠው ብረቱ ሳይሆን ቦታው ነውና፣ መስኮት አጠገብ ከሆነ ዋጋው ይንራል። ክርክሩ ምጣዱ ላይ ነው። ሻጯ «ዓይናማ እንጀራ ነው የሚያወጣው» ስትል፣ ገዢዋ ጠርዙ ላይ ያለውን ስንጥቅ በጥፍሯ ትፈትሻለች። ክፍያው «ደሞዝ ሲገባ» ነው፤ ደሞዙ ሲገባ ሻጯ ቦሌ ደርሳለች። እጀታው ተሰብሮ በክር የታሰረው ጀበና ምርቃት ይሆናል።

ከአልጋው የተገኘው ገንዘብ ወፍራም ብርድ ልብስ ይገዛበታል። በጋው 45 ዲግሪ የሚያልፍ አገር ለብርድ ልብስ እንዴት ስም እንዳተረፈ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አያስረዳም። ኤርፖርት ላይ ሻንጣው 23 ኪሎ ሲያልፍ ጫማው ይወጣል፣ ሽቶው ይወጣል፤ ብርድ ልብሱ ግን ንቅንቅ አይልም።