ልምድ አይጠይቅም

«ጌም ለመሥራት ልምድ አያስፈልግም፤ ኮምፒውተር ከፍቶ መጀመር ነው» የሚለው ምክር የዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ ሲደርስ ይበልጥ ያምራል። በሰሜኑ ጦርነት መብራትና ስልክ ተቋርጦባት ለከረመች ከተማ በእርግጥም ልምድ የመጨረሻው ችግር ነው። ምስክር ሲጠየቅ አሜሪካዊው ኤሪክ ባሮን ይጠራል፤ «ስታርዱ ቫሊ» የተባለውን ጌም ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ለፍቶበት በ2016 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ። እውነት ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ መመረቁና በእነዚያ ዓመታት ቤቱን ባብዛኛው የደገፈችው ፍቅረኛው መሆኗ ግን ከምክሩ ተዘሏል። ስለዚህ የዋግ ጎረምሳ ኮዱን ለጊዜው ትቶ ደመወዝተኛ እጮኛ ቢፈልግ ያዋጣዋል።

«የጌም መሥሪያው ጎዶት እኮ ነፃ ነው፤ በስልክም ይሠራል» የሚል አይጠፋም። ይሠራል፤ ባትሪው እስኪያልቅ። «አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ ዶሮ የሚያሯሩጠውን ‹ኩኩሉ› አውጥቶ የለም ወይ?» ቢባል፣ አውጥቷል፤ ጎበዞች ናቸው፣ አዲስ አበባም ናቸው። ጌሙ አልቆ ለገበያ ሲቀርብም ጎግል ፕሌይ ለመመዝገቢያ የሚጠይቀው 25 ዶላር ነው፤ ያውም አንዴ ብቻ። ግን ብርን ዶላር አድርጎ ውጭ የሚከፍል ካርድ ከሰቆጣ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ጌም ነው፤ የመጀመሪያውን ደረጃ ያለፈ ካለ ልምድ አለው ተብሎ ይቀጠር።